ባለቤቱ ጅዳ፣ መኪናው ደሴ፦ ውጭ አገር ሆኖ ተሽከርካሪ ማስመዝገብና ኢንሹራንስ መግባት

ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ወይም ዋሽንግተን እየኖሩ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ወልዲያ ላይ መኪና ለመግዛት ያሰቡ ሁሉ አስቀድመው ሊቆርጡት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ በማን ስም ይወጣል? ሰሌዳው፣ ቦሎው (በየዓመቱ የሚታደሰው ተለጣፊ)፣ ኢንሹራንሱ፣ አደጋ ሲደርስ የሚከፈለው ካሳ፣ መጨረሻ ላይም የሽያጩ ገንዘብ ይህንኑ ስም ተከትለው ይሄዳሉ።

ወሎ ውስጥ በብዛት የሚሆነው እንዲህ ነው። እህት ከሪያድ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ትልካለች፤ ወንድም ባጃጁን ወይም ዶልፊኑን በራሱ ስም ይገዛል፤ «ያንቺው ነው» ይላታል። ሲላት ከልቡ ነው። ውክልና እስኪመጣ መጠበቁ ስላስቸገረው፣ ሻጩም ስለቸኮለ በራሱ ስም ፈርሟል። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ወንድም ሲያገባ መኪናው የትዳር ሀብት ነው ሊባል ይችላል። ቢሞት ለወራሾቹ ያልፋል። ዕዳ ካለበት ፍርድ ቤት ያግደዋል፤ ሲበደር ባንክ በመያዣነት ይይዘዋል። መኪናው ቢገለበጥም የመድን ድርጅቱ ቼኩን የሚጽፈው ለእሱ ነው። በእህት እጅ ያለው የሐዋላ ደረሰኝ ገንዘብ መላኳን ያሳያል፤ በዚያ ገንዘብ ያ መኪና ለእሷ መገዛቱን ግን አያሳይም።

ስለዚህ የሽያጭ ውሉ ላይ ገዢ ተብሎ የሚጻፈው የእርስዎ ስም ይሁን፤ ወንድም፣ አጎት ወይም ጓደኛ ደግሞ «ስለ ገዢ በውክልና» ብሎ ይፈርም። ገንዘቡም በወንድም ኪስ ሳያልፍ ከእርስዎ ሂሳብ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሂሳብ ይግባ። ባንኩ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር፣ አካሉ ላይ የተቀረጸውን መለያ፣ ይጻፉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ክርክር ሲነሳ ግን ያቺ አንድ መስመር ከአሥር ሽማግሌ ትበልጣለች።

መኪናው ቀድሞውኑ በዘመድ ስም ወጥቶ ከሆነ አብሽሩ፣ መፍትሔ አለው። በሽያጭ ወይም በስጦታ ውል ስሙን ማዛወር ይቻላል። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል፣ መኪናው ይገመታል፣ በግምቱ ላይ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥና የአገልግሎት ክፍያ ይከፈላል፣ ከዚያ ትራንስፖርት መምሪያው ሊብሬውን ይለውጣል። ዘመዱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማም ያስፈልጋል። ይህን በሰላሙ ጊዜ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ ይጨርሱት።

በባጃጅና በታክሲ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። እነዚህ በየከተማው በማኅበር ተደራጅተው፣ መስመር ተሰጥቷቸው የሚሠሩ ናቸው። ማኅበሩ አባል አድርጎ የሚቀበለው ማንን እንደሆነና ባለቤቱ ነዋሪ ካልሆነ ምን እንደሚጠይቅ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በአካል ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ባጃጁ ከተገዛ በኋላ መስመር ካጣ በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ስምዎ ሊብሬው ላይ ሲወጣ ግን ኃላፊነቱም አብሮ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ ያሽከረከረው ሰው ባለቤቱ ያልፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዱ ግን ከዚህ ያመልጣሉ። እርስዎ ሪያድ ተኝተው ሳለ ሾፌሩ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሰው ቢገጭ፣ የሟች ቤተሰብ ክሱን የሚያቀርበው በእርስዎም ላይ ነው። ኢንሹራንሱ ለይስሙላ የሚገባ ነገር ያልሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

ፓስፖርቱና መታወቂያው ሲለያዩ

ወደ ዓረብ አገር ከሄዱት የወሎ ልጆች መካከል ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ስም ወይም ዕድሜ ከቀበሌው መዝገብ ጋር የማይገጥም ብዙ ናቸው። ለሌላውም ቢሆን የፊደል ነገር አለ፤ መሐመድ፣ ሙሐመድና መሃመድ፣ ሰዒድና ሰይድ፣ ፋጡማና ፋጢማ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቆንስላው ውክልናውን የሚጽፈው በፓስፖርቱ ስም ነው። ሊብሬው በቀበሌው ስም ከወጣ ውክልናው ሊብሬውን አይገጥምም፤ ተወካዩ መስኮት ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ከግዢው በፊት ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ላይ ያለውን ስም ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። የፊደል ልዩነት ብቻ ከሆነ ሁሉም አዲስ ሰነድ እንደ ፓስፖርቱ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ውክልናው ላይም «በሌላ አጻጻፍ እገሌ» የሚል ይግባ። ስሙ ጭራሽ ሌላ ከሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ወላጅና ጎረቤት ምስክር ሆነው ይቀርባሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን አንዴ ከተወሰነ ለቤቱም፣ ለውርሱም፣ ለባንኩም ያገለግላል።

የውጭ ዜግነት የወሰዱ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ አስቀድመው ያውጡ። በተለይ ኮድ 3 ማለትም የንግድ መኪና ከሆነ ንግድ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቢጫ ካርዱ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ያስቆጥራል።

ውክልናው

ጠቅላላ ውክልና ሰጥቶ መቀመጥ ሁለት ጉዳት አለው። በአንድ በኩል ያንሳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይወስነዋል፤ አንቀጽ 2205 ደግሞ መታረቅን፣ መክሰስንና መከሰስን የመሰሉ ተግባሮች ልዩ ውክልና ያሻቸዋል ይላል። ስለዚህ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ወረቀት ይዞ የሄደ ተወካይ ከመድን ድርጅቱ ጋር በካሳ መጠን ላይ ሊስማማ አይችልም። በሌላ በኩል ይበዛል፤ «መሸጥ መለወጥ» የሚለው ሐረግ በልማድ ስለሚገባ ሳያስቡት የመሸጥ ሥልጣን ይሰጣሉ። ውክልናው ለአንድ መኪና ብቻ፣ በዝርዝር ይጻፍ። ቃሉ ይህን ይመስላል፦

«የሰሌዳ ቁጥሩ ኮድ __ አማ ______፣ የሻንሲ ቁጥሩ ______፣ የሞተር ቁጥሩ ______ የሆነውን ተሽከርካሪ በስሜ እንዲገዛና እንዲያስመዘግብ፤ ሊብሬና ሰሌዳ እንዲረከብ፤ ዓመታዊ ምርመራ እንዲያስደርግና ቦሎ እንዲያወጣ፤ ግብርና ቅጣት እንዲከፍል፤ የመድን ውል በስሜ እንዲዋዋል፣ እንዲያድስና አረቦን እንዲከፍል፤ አደጋ ሲደርስ እንዲያሳውቅ፣ የካሳ ጥያቄ እንዲያቀርብ፣ በካሳው መጠን ላይ እንዲስማማና እንዲፈርም፤ ካሳው በስሜ በተከፈተው ሂሳብ ቁጥር ______ ብቻ ገቢ እንዲያስደርግ፤ በዚህ ተሽከርካሪ ጉዳይ እንዲከስና እንዲከሰስ ወክዬዋለሁ። ተሽከርካሪውን መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ በዋስትና ማስያዝ አይችልም።»

ሰሌዳው ገና ካልወጣ የሻንሲ ቁጥሩ ብቻውን ይበቃል። ቁጥሩን በስልክ አይቀበሉ፤ ከአካሉ ላይ ፎቶ አንስተው ይላኩልዎት። የሻንሲ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ አንዱ ከተሳሳተ ውክልናው የሌላ መኪና ውክልና ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ «ኦ» የሚባለው የላቲን ፊደል ስለማይገባ ክብ ሆኖ የሚታየው ሁሉ ዜሮ ነው።

ወረቀቱን ይዘው ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ጨምረው ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሄዳሉ፤ የሚፈርሙት ሠራተኛው ፊት ነው፣ ቤት ፈርመው አይሂዱ። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ዋናው ቅጂ ወደ አገር ቤት ይላካል። ተወካዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጦ ውልና ማስረጃ ያስመዘግበዋል፤ በቆንስላው ማኅተም ብቻ ትራንስፖርት መምሪያ የሚሄድ ሰው ተመላሽ ነው። ባሉበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከሌለ የአገሩ ኖታሪ ፊት ይፈረማል፤ በአገሩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎ ያንን አገር ደርቦ በሚያገለግለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይረጋገጣል። ሁለት ዋና ቅጂ ማስወጣት ይጠቅማል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላ ቀጠሮ ከመጠበቅ ያድናል።

ማንን ይወክሉ? የሚወዱትን ሳይሆን ቢሮ መመላለስ የማይታክተውንና ወረቀት የማይጥለውን። መኪናውን የሚያሽከረክረውና ተወካዩ አንድ ሰው ባይሆኑ ይመረጣል። ሾፌሩ ራሱ ተወካይ ከሆነ የራሱን ጥፋት ለመድን ድርጅቱ የሚናገረው እሱው ይሆናል።

ምዝገባው

ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል ከጅዳ ወይም ከዱባይ ጭኖ ለመላክ ያሰበ ካለ ይተወው። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር የሚገቡት አውቶሞቢሎች ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆኑ ወስኗል። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ግብር የመኪናውን ዋጋ እጥፍ ድርብ ያደርገው ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎች ከቫት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር፤ ተገጣጥሞ ያለቀው ግን የጉምሩክ ቀረጥ ይከፍል ነበር።

ከአስመጪ የተገዛ አዲስ መኪና ከሆነ ተወካዩ ሊረከባቸው የሚገቡት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የቀረጥ ደረሰኝ፣ የሽያጭ ደረሰኝና ውል ናቸው። ሁሉም ዋናው ቅጂ ይሁን፤ ፎቶ ኮፒ ተቀብሎ «ቀሪውን ነገ» የሚል ሻጭ ጋር ክፍያ አይጨርሱ። ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው አካል ጋር መግጠም አለበት፤ መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

አሮጌ መኪና ከሆነ የሚፈራው ሌላ ነው፤ ዕዳና እገዳ። ሻጩ ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጣ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት የሚመዘገብበት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ስለተዘረጋ፣ መኪናው ባንክ ወይም ብድርና ቁጠባ ጋር መያዣ መሆን አለመሆኑም ይጠየቅ። ፋይሉ አዲስ አበባ ሆኖ መኪናው ደሴ የሚሠራ ከሆነ ፋይሉን ማዛወር ያዋጣል፤ ካልሆነ በየዓመቱ ለአንዲት ማኅተም 400 ኪሎ ሜትር መንዳት ነው።

ተሽከርካሪ የሚመረመረውና የሚመዘገበው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ነው። የሰሌዳው ኮድ የመኪናውን ሥራ ይናገራል፤ 1 ታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት። ይህን ኮድ ልብ ይበሉት፤ ኢንሹራንሱ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ብዙ ሰው ያመላልሳል። ትራንስፖርት መምሪያው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳያይ ሰሌዳ አይሰጥም፤ ኢንሹራንስ ቤቱ ደግሞ ሰሌዳ ይጠይቃል። መውጫው ኢንሹራንሱን በሻንሲ ቁጥር መግባት ነው። ሰሌዳው እንደወጣ ተወካዩ ተመልሶ ቁጥሩን በፖሊሲው፣ ማለትም በመድን ውሉ ሰነድ፣ ላይ ማስጨመር አለበት። ይህን ሁለተኛ ጉዞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አደጋ ሲደርስ የፖሊስ ሪፖርቱ ሰሌዳ ይጠቅሳል፣ ፖሊሲው ላይ ሰሌዳ የለም፣ ክፍያው በዚያው ይንጠለጠላል።

ኢንሹራንሱ

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ያለሱ መንዳት በወንጀል ያስጠይቃል። የሚከፍለው የእርስዎ መኪና ለጎዳው ሌላ ሰው ነው፤ የራስዎን መኪና ፍሬቻ እንኳ አይተካም። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር አስቀምጦ ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን ጣሪያ ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። ጣሪያው ምንም ቢሆን ከእሱ በላይ ያለው ከእርስዎ ኪስ ነው። የአንድ አዲስ ሲኖትራክ የፊት ክፍል ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሰው ተጨማሪ የሦስተኛ ወገን ሽፋን መግዛት ለምን እንደሚመከር አይጠይቅም። ከአስገዳጁ በላይ ያለውን መጠን በፈቃድ መጨመር ይቻላል፤ ባለቤቱ ሩቅ ለሆነ መኪና ከሁሉ በፊት የምንመክረው ይህንን ነው።

የራስዎን መኪና የሚያድነው ሙሉ ሽፋን የሚባለው ነው፤ ግጭት፣ መገልበጥ፣ ቃጠሎና ስርቆት። እዚህ ላይ ውጭ ያለ ባለቤት የሚጎዳው በአንድ ቁጥር ነው፤ መኪናው ዋስትና የተገባበት ዋጋ። ኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀችው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። ፖሊሲው ግን በየዓመቱ «እንደ አምናው» እየተባለ ይታደሳል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በቁጥር እንየው። መኪናው ዛሬ ገበያ ላይ 3,000,000 ብር ያወጣል፤ ዋስትና የተገባው በ1,500,000 ብር ነው። በሩና ሞተር ክዳኑ ተጎድቶ ጥገናው 400,000 ብር ሆነ። ግማሹን ዋጋ ብቻ ዋስትና ስለገቡ ድርጅቱ የሚከፍለውን የጉዳቱን ግማሽ 200,000 ብር አድርጎ ያሰላል፤ ከዚያ ላይ በፖሊሲው የተጻፈውን ተቀናሽ፣ ማለትም ባለመኪናው ራሱ የሚችለውን ድርሻ፣ ያነሳል። ሰው የሚጮኸው «ሙሉ ሽፋን ነበረኝ እኮ» እያለ ነው። ሽፋኑ ሙሉ ነው፤ ዋጋው ግን ግማሽ ነበር። ከእድሳቱ አንድ ወር በፊት ተወካዩ ከሁለት የመኪና መሸጫ ዋጋ ይጠይቅ፣ ፖሊሲውም በዚያ ይስተካከል። አጋንኖ ማስገባትም አይጠቅምም፤ ኢንሹራንስ የሚከፍለው የደረሰውን ጉዳት እንጂ ትርፍ አይደለምና ተጨማሪውን አረቦን በከንቱ ከፍለዋል።

ፖሊሲው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ተወካዩ ሳያነበው ይፈርማል። ከመፈረሙ በፊት ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት። በተለይ የማይሸፈኑትን ይመልከቱ። ለግል ብለው ኮድ 2 ያስመዘገቡት መኪና ዓርብ ዓርብ ሰው ጭኖ ሐይቅ የሚመላለስ ከሆነ ድርጅቱ አይከፍልም፤ ሥራው ከተዋዋሉት ውጭ ነው። ሾፌሩ የያዘው መንጃ ፈቃድ ለዚያ መኪና ዓይነት ካልሆነ፣ ለምሳሌ የአውቶሞቢል ይዞ አይሱዙ ከነዳ፣ አይከፍልም። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈም እንዲሁ። ከተፈቀደው በላይ ጭኖ፣ ወይም ጠጥቶ ሲነዳ የደረሰ አደጋም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ፊትና ጀርባው ፎቶ በእርስዎ ስልክ ላይ ይኑር፤ ሾፌር ሲቀየር አዲሱ ሳይላክ ቁልፍ አይሰጥ።

ሌላው ጦርነትና ሁከት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ መድረሱን ያየ የወሎ ሰው ይህን አንቀጽ ሊዘለው አይገባም። መደበኛው ሙሉ ሽፋን በጦርነት፣ በአመፅና በሁከት የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን የሚባል ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ አለ፤ የት የት እንደሚሠራና ምን እንደማያካትት በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «ይሸፍናል» የተባለ ነገር ጉዳት በደረሰ ቀን የለም።

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባ የጭነት መኪና ካለዎት የአገር ውስጡ ፖሊሲ ድንበር ላይ ያበቃል፤ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ የሦስተኛ ወገን መድን ያስፈልገዋል። ይህ ቢጫ ካርድ ከላይ ካነሳነው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ጋር በስም ብቻ ነው የሚገናኘው፤ ተወካዩን «ቢጫ ካርዱን አውጣ» ሲሉት የትኛውን እንደሆነ ይንገሩት።

አረቦኑ ሳይከፈል ሽፋን አይጀምርም። ከውጭ ሆነው በባንክ ወደ ድርጅቱ ሂሳብ ቢያስገቡ የተሻለ ነው፤ ደረሰኙ በስምዎ ይቆረጥ። ዓመቱን ያለ አደጋ ካሳለፉ በእድሳት ጊዜ ቅናሽ ይጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚታለፍበት ጊዜ አለ።

ቀኖቹ

የኢንሹራንሱ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቦሎው በእኛ አቆጣጠር ነው የሚነበበው። ተወካዩ አንዱን፣ እርስዎ ሌላውን እያያችሁ ሽፋኑ የሚቋረጥባቸው ሁለት ሦስት ሳምንታት ይፈጠራሉ። ሁለቱንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ስልክዎ ላይ ከ30 ቀን በፊት የሚያስታውስ ደወል ያድርጉ። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፤ መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ይታደሳል፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ ይከፈላል፣ ከዚያ ክላውዶ የሚባለው ዓመታዊ ምርመራ፣ ከዚያ ቦሎ።

ክላውዶ ላይ ፍሬን በቅጡ ይታይ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ይወረዳል። በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር ሸራውን አቃጥሎ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። በየስድስት ወሩ የፍሬን ሸራና ዘይት ፎቶ ከነደረሰኙ እንዲላክልዎ ማድረግ ክፉ ጥርጣሬ አይደለም፤ በዚያ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ሕይወት ነው።

አደጋ ሲደርስ

ተወካዩና ሾፌሩ ይህን አስቀድመው ይወቁት። የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ ሆስፒታል። መኪናው ትራፊክ ፖሊስ ሳይለካ አይነሳም፤ ሰሌዳው፣ የጎማው ምልክትና የመንገዱ ሁኔታ ፎቶ ይነሳ። በመንገድ ላይ ተስማምቶ መፈረም፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ድርጅቱ ሳያውቅ የተደረገ ስምምነት አያስገድደውም። በዚያው ዕለት ለመድን ድርጅቱ ይደወል፣ በማግስቱ በጽሑፍ ይድረሰው። የድርጅቱ ሠራተኛ ሳያይ ጋራዥ ገብቶ አንድ ብሎን እንኳ አይፈታ። ከዚያ የፖሊስ ሪፖርት፣ የመንጃ ፈቃድና የሊብሬ ቅጂ፣ የተሞላ የካሳ ቅጽና የጋራዥ ፕሮፎርማ ይቀርባል።

መኪናው ከጥቅም ውጭ ነው ከተባለ ድርጅቱ ሙሉ ካሳ ከፍሎ ስብርባሪውን ይረከባል፤ ሊብሬውንና የስም ማዛወሪያ ፊርማ ይጠይቃል። ከላይ ያለው ውክልና መሸጥንና ማስተላለፍን ስለሚከለክል ለዚህ ብቻ የሚሆን ሌላ አጭር ውክልና ከቆንስላው ያስፈልጋል። መዘግየቱ ያናድዳል፤ ነገር ግን መኪናው ደህና በሆነበት ጊዜ ሁሉ የጠበቀዎት ያው ክልከላ ነው። ድርድሩ ቢራዘምም የንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 የኢንሹራንስ ጥያቄ በ2 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ ደንግጓል። «ይታያል፣ ይታያል» እየተባለ ያ ጊዜ እንዳያልፍ ክሱን ቀድሞ ማቅረብ ይሻላል።

ሲሸጡት

በውክልና መሸጥ የሚባለው ልማድ ከሁሉ የከፋው ነው። ገዢው ገንዘቡን ይከፍላል፣ ስም ማዛወሪያውን ላለመክፈል ውክልና ብቻ ተቀብሎ መኪናውን ይዞ ይሄዳል፤ እሱም ለሌላ፣ ያም ለሌላ ይሸጠዋል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን አሁንም የእርስዎ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የማያውቁት ሾፌር ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ቢገድል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የሚጠራው ባለቤት እርስዎ ነዎት፤ ሲሸጡ የነበረው ኢንሹራንስም ከዓመታት በፊት አብቅቷል።

ሽያጩን በዚያው ቀን በስም ዝውውር ይዝጉት። ለሽያጭ የሚሰጡት ልዩ ውክልና ላይ ዝቅተኛው ዋጋ፣ ገንዘቡ የሚገባበት የእርስዎ ሂሳብ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ተወካዩ ራሱ ገዢ መሆን ከፈለገ ከእርስዎ ጋር ፊት ለፊት ይዋዋል እንጂ በእርስዎ ውክልና ለራሱ አይሽጥ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2188 እንዲህ ያለውን ውል ሊያስፈርስ ይችላል። ባለትዳር ከሆኑ የባለቤትዎ ስምምነት፣ ካላገቡ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ይህንንም ከውክልናው ጋር አንድ ላይ ከቆንስላው ቢያወጡት ሁለት ጊዜ ከመሰለፍ ይድናሉ።

ዝውውሩ ካለቀ በኋላ በገዢው ስም የወጣውን አዲስ ሊብሬ ፎቶ ያስልኩ። ለመድን ድርጅቱ በደብዳቤ አሳውቀው ፖሊሲውን ያሰርዙ፤ ያልተጠቀሙበት ወራት ካሉ የአረቦን ተመላሽ ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ውክልና ደግሞ ቆንስላው ፊት ይሻሩት፤ የመሻሪያውን ቅጂ ለተወካዩ፣ ለትራንስፖርት መምሪያውና ውክልናው ለተመዘገበበት ውልና ማስረጃ ያድርሱ፤ እያንዳንዳቸው ለመቀበላቸው ፈርመው ይስጡ።